ፕሌት ሪቨርብ በዲላ የቤት ስቱዲዮ፦ ከቅጂ እስከ መጨረሻው ሚክስ

ዲላ ላይ ድምፅ የሚቀዳው አብዛኛውን ጊዜ ለቅጂ ተብሎ ባልተሠራ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከመስኮቱ ማዶ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከነባጃጁና ከነከባድ መኪናው አለ። በእንዲህ ያለ ክፍል የተቀዳ ድምፅ ጠባብና ደረቅ ሆኖ ሲሰማ ጀማሪ ሚክስ አድራጊ ቶሎ ሪቨርብ ይከፍትና መጠኑን ከፍ ያደርጋል። ያን ጊዜ ድምፃዊው ከጠባቡ ክፍል ወጥቶ በርሜል ውስጥ የገባ ይመስላል።

ይህ መመሪያ በኤፍኤል ስቱዲዮ፣ በኩቤዝ ወይም በሪፐር ለሚሠሩ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ኪቦርድ ላላቸው የተዘጋጀ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቀው ቢሄዱ ጥቂት ፕሌት ሪቨርቦች ለሙሉ ዘፈን ወይም መዝሙር ይበቁዎታል።

ፕሌት ምንድን ነው?

ኢኤምቲ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ኢኤምቲ 140 የተሰኘውን መሣሪያ ለስቱዲዮዎች አቀረበ። በውስጡ 2 ሜትር በ1 ሜትር የሚሆን፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ላሜራ በፍሬም ላይ በሞላ ተወጥሮ ተንጠልጥሏል። የዘፋኙ ድምፅ በኤሌክትሪክ አንቀሳቃሽ በኩል ላሜራውን ያርገበግበዋል፤ ላሜራው ላይ የተለጠፈ ተቀባይ ደግሞ ርግብግቢቱን መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሁለት ተቀባይ ያለው የስቴሪዮ ዓይነቱ መጣ። ከላሜራው ጎን ያለው ማፈኛ ሰሌዳ ሲጠጋ የድምፁ ጭራ ያጥራል፣ ሲርቅ ይረዝማል። ዛሬ በፕለጊኑ ገጽ ላይ የሚያዩት የርዝመት ቁልፍ የዚያን ሰሌዳ ሥራ ይሠራል። ክብደቱ 270 ኪሎ ግራም ገደማ የነበረው ዕቃ አሁን በላፕቶፕ ውስጥ ይከፈታል።

ከሌሎቹ ሪቨርቦች የሚለየውን ማወቅ ግን ከታሪኩ ይበልጥ ይጠቅማል። በእውነተኛ ክፍል ውስጥ ድምፅ አንዱን ግድግዳ ከዚያም ሌላውን እየመታ ይመለሳል፤ ጆሯችን ከእነዚያ የመጀመሪያ ምላሾች የክፍሉን ስፋት ይገምታል። በላሜራ ላይ ሁኔታው ሌላ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ከወፍራሙ ቀድሞ ይሮጣል፣ ምላሹም ተነጣጥሎ ሳይሆን ከመነሻው ጥቅጥቅ ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ፕሌት ለድምፁ ርዝመትና ሙላት ይጨምርለታል እንጂ ዘፋኙ የት እንደቆመ አይናገርም። ግድግዳ የለውም።

ለእኛ ሥራ የሚመቸውም ለዚህ ነው። በትንሽ ክፍል በተቀዳ ድምፅ ላይ የአዳራሽ ሪቨርብ ሲጨመር አድማጩ ሁለት ክፍሎችን በአንድ ጊዜ ይሰማል። የጌዴኦ ሕዝብ የዳራሮ በዓል ዘፈንን የመሰለ ሜዳ ላይ የሚዘፈን ዜማም የአዳራሽ ግድግዳ ሲታከልበት ከቦታው የወጣ ይመስላል። ፕሌት ሁለቱንም ችግር ያቃልላል፤ ነገር ግን በልኩ ሲሆን ነው።

የትኛውን ፕለጊን ልጠቀም?

የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለው ሰው በነፃ የሚወርዱ ጥሩ አማራጮች አሉ። ድራገንፍላይ ሪቨርብ በነፃ ከሚገኙት አንዱ ሲሆን ራሱን የቻለ የፕሌት ክፍል አለው። ታል ሪቨርብ 4 ደግሞ ቀላልና ለላፕቶፕ የማይከብድ ነው። መክፈል ለሚችል ቫልሃላ ፕሌት፣ የሳውንድቶይስ ሊትል ፕሌት፣ የዌቭስ አቢ ሮድ ፕሌትስና የዩኒቨርሳል ኦዲዮ ኢኤምቲ 140 በስፋት ይሠራባቸዋል። የተሰበረ (ክራክ የተደረገ) ፕለጊን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተዘዋወረ ቫይረስ ይዞ ሲመጣ የወራት ሥራ ሊያጠፋ ስለሚችል ነፃውን በደንብ መልመድ ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለሁሉም ያገለግላሉ።

1. መጀመሪያ ቅጂውን ያጥሩ

ሪቨርብ ያገኘውን ሁሉ ያስረዝማል። በሁለት ስንኞች መካከል የገባ የባጃጅ ክላክስ ፕሌቱ ውስጥ ሲያልፍ የሁለት ሰከንድ ክላክስ ይሆናል።

- በክፍሉ መሐል ቆመው አንዴ ያጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ የሚንጣጣ ድምፅ ከተሰማ ትይዩ ግድግዳዎቹ ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። ከዘፋኙ ጀርባና ከግራ ቀኙ ፍራሽ ያቁሙ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ይስቀሉ። ዲላ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ባዶ የቡና ጆንያም ይረዳል፤ ግን በርከት ብሎ ካልተደራረበ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ይውጥና ወፍራሙን ይተወዋል።
- ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ቅጂውን ያቁሙ። የዝናብን ድምፅ ከሰው ድምፅ ለይቶ የሚያወጣ ፕለጊን ቢኖርም የሰውየውን ድምፅ ማጎሳቆሉ አይቀርም። በበልግ ወራትና ከመስከረም በኋላ ባለው የዝናብ ወቅት የቅጂ ቀጠሮ ሲይዙ ይህን ያስቡበት።
- ከተቀዳ በኋላ ዘፋኙ ዝም ያለባቸውን ቦታዎች ቆርጠው ያውጡ፤ ጫፋቸውንም በስሱ ያለስልሱ።
- ኪቦርዱን ይፈትሹ። ያማሃም ሆነ ኮርግ ባለስታይል ኪቦርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ የራሳቸው ሪቨርብ በርቶ ነው። ከኢፌክት ማውጫው ገብተው ያጥፉትና ይቅዱ። ብዙ መዝሙሮች ጭጋግ የለበሱ የሚመስሉት ከፕሌቱ በፊት ኪቦርዱ ጭጋጉን ስለጫነባቸው ነው።

2. ፕሌቱን በሴንድ ያገናኙ

ፕሌቱን በዘፋኙ ትራክ ላይ አይጫኑት። ባዶ ትራክ ይክፈቱ፣ ፕሌቱን እዚያ ያስቀምጡ፣ እርጥቡን መቶ በመቶ፣ ደረቁን ዜሮ ያድርጉ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ትራክ የፈለጉትን ያህል ወደዚያ ይላኩ።

በኩቤዝ ኤፍኤክስ ቻናል ይፍጠሩና ከዘፋኙ ትራክ በሴንድ ይላኩ። በሪፐር የዘፋኙን የራውት ቁልፍ ወደ ሪቨርቡ ትራክ ይጎትቱት። በኤፍኤል ስቱዲዮ ሚክሰር ላይ የዘፋኙን ትራክ ይምረጡና ከሪቨርቡ ትራክ ግርጌ ያለችውን ቀስት ይጫኑ፤ የምትመጣው ትንሽ ቁልፍ የመላኪያ መጠኑ ነች።

ይህ አሠራር ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ላፕቶፑ አሥር ሪቨርብ ከሚሸከም ጥቂት ይሸከማል። ሁለተኛ፣ ሪቨርቡን ከደረቁ ድምፅ ለይተው ማጣራት፣ ማሳጠር፣ ዝቅ ማድረግ ይችላሉ። የሚቀጥሉት ደረጃዎች ሁሉ በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

3. ከፕሌቱ በፊት ያጣሩ

በሪቨርቡ ትራክ ላይ ከፕሌቱ በላይ ኢኪው ያስቀምጡ። ለንደን ባለው አቢ ሮድ ስቱዲዮ መሐንዲሶች ወደ ፕሌት የሚሄደውን ድምፅ ከ600 ሄርዝ በታችና ከ10 ኪሎ ሄርዝ በላይ ይቆርጡት ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሚክስ አድራጊ ከዚያ ይነሳል። ለሴት ድምፅ ከ500 እስከ 600 ሄርዝ፣ ለወፍራም የወንድ ድምፅ ከ300 እስከ 400 ሄርዝ ይጀምሩ። ከላይ በኩል ከ7 እስከ 10 ኪሎ ሄርዝ መካከል ይቁረጡ።

600 ሄርዝ ብዙ የተቆረጠ ሊመስልዎት ይችላል። ፕሌቱን ብቻውን ሲያዳምጡ በእርግጥ ቀጭን ነው። ከዘፈኑ ጋር ግን ወፍራሙን ባስ፣ ከበሮና የኪቦርዱ ግራ እጅ ይዘውታል፤ ሪቨርብ እዚያ ሲገባ ያጨቀየዋል። ስለዚህ ፕሌቱን ለብቻው ሶሎ አድርገው አይፍረዱ።

4. መዘግየቱን ከምቱ ይውሰዱ

ፕሌት ያለ እረፍት ወዲያው የሚነሳ በመሆኑ ቃሉን ገና ሲወጣ ይሸፍነዋል። ፕሪዲሌይ የሚባለው ቁልፍ በቃሉና በሪቨርቡ መካከል ትንሽ ክፍተት ይሰጣል፤ ዘፋኙ ከፊት ይቆማል፣ ሪቨርቡ ከኋላው ይከተላል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ 60,000ን በደቂቃ ለሚመታው ምት ያካፍሉ። ችክችካ የሚመታ ዘፈን ከባድ ምቱ በደቂቃ 100 ከሆነ አንዱ ምት 600 ሚሊ ሰከንድ ነው። ችክችካው እያንዳንዱን ምት ለሦስት ስለሚከፍል አንዱ ክፋይ 200 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። የዚያ ሩብ 50፣ ስምንተኛው 25 ነው። ሁለቱንም ሞክረው ቃሉ ይበልጥ የጠራበትን ይያዙ። በደቂቃ 60 ምት ለሚሄድ ዝግተኛ ትዝታ አንዱ ምት 1,000 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ሠላሳ ሁለተኛውን 31 ወይም አሥራ ስድስተኛውን 62 ይሞክሩ። ከ80 በላይ ሲሄዱ ሪቨርቡ ከድምፁ ተነጥሎ እንደ ሁለተኛ ዘፋኝ መሰማት ይጀምራል።

5. ርዝመቱን ከዜማው ይውሰዱ

በፕለጊኑ ላይ የሚጻፈው ሰከንድ ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪወርድ የሚወስደው ጊዜ ነው። በሞላ ሚክስ ውስጥ ግን የመጨረሻው ግማሽ በሌሎች መሣሪያዎች ስለሚሸፈን 1.8 ሰከንድ ያሉት ሪቨርብ ለጆሮ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ይቆያል።

- ለፈጣን ችክችካ ከ1.0 እስከ 1.4 ሰከንድ
- ለመካከለኛ ፍጥነት ዘፈንና መዝሙር ከ1.5 እስከ 2.0 ሰከንድ
- ለዝግተኛ ትዝታ ወይም ለጸሎት መዝሙር ከ2.2 እስከ 2.8 ሰከንድ

ቅኝቱም ርዝመቱን ይወስናል። እንደ አንቺሆዬ ባለ የተጠጋጉ ድምፆች ባሉበት ቅኝት ረጅም ጭራ ያለፈውን ድምፅ ከሚመጣው ጋር ስለሚያጋጨው ያሳጥሩት። ዘፋኙ ድምፁን የሚያንቆረቁርባቸው ቦታዎችም እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዷ እጥፋት መሰማት አለባት፤ ጭራው ከሸፈናት ዘፋኙ የደከመበት ጠፋ ማለት ነው።

6. ለቋንቋችን ድምፆች ይጠንቀቁ

ስለ ሪቨርብ በውጭ ቋንቋ የሚጻፉ ትምህርቶች የቋንቋችንን ድምፆች ብዙም አያነሱም። በአማርኛም ሆነ በዲላና በአካባቢዋ በሚዘፈንባቸው በጌዴኡፋ፣ በሲዳምኛና በኦሮምኛ እንደ ቀ፣ ጠ እና ጨ ያሉ ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች አሉ። እነዚህ ድምፆች ላሜራውን እንደ አታሞ ስለሚመቱት ፕሌቱ ይንጫጫል። ሰ እና ሸ ደግሞ ፉጨት ይተዉበታል። ስለዚህ ከኢኪው ቀጥሎ፣ ከፕሌቱ በፊት፣ ዲኤሰር ያስገቡ፤ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሄርዝ ያለውን እንዲይዝ ያድርጉ። እዚህ ላይ ጠበቅ ማድረግ ጉዳት የለውም፤ ደረቁ ድምፅ አልተነካምና ሰ አሁንም ሰ ነው።

ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። እንደ ቀ እና ጠ ያሉ ድምፆች ሲጠብቁ አፍ ለቅጽበት ይዘጋል፤ ጆሮ የሚለየው በዚያች ዝምታ ነው። ሪቨርቡ ዝምታዋን ከሞላት የጠበቀው የላላ ይመስላል፣ ትርጉሙም ይሳሳታል። መፈተኛው እንዲህ ነው፤ ግጥሙን አይቶ የማያውቅ፣ በቋንቋው ግን አፉን የፈታ ሰው ጠርተው አንዴ ያሰሙትና የሰማውን እንዲጽፍ ያድርጉ። ከሳተ መጀመሪያ መጠኑን ይቀንሱ፣ ካልበቃ መዘግየቱን ይጨምሩ፣ ርዝመቱን በመጨረሻ ይንኩ።

7. መጠኑን ይወስኑ

የመላኪያውን ቁልፍ ከታች ይጀምሩና ሪቨርቡ በግልጽ እስኪሰማ ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉት። የሪቨርቡን ትራክ ሲያጠፉት ዘፈኑ ከጎደለ፣ ሲያበሩት ግን ሪቨርብ መኖሩ ካልታወቀ ልኩ ላይ ነዎት።

ይህን ሲያደርጉ ማስተሩ ላይ የሚጠቀሙት ሊሚተር በርቶ ይሁን። ሊሚተር ጎላ ያለውን ድምፅ 6 ዴሲቤል ከገፋ ጭራው በዚያው ልክ ወደ ፊት ይመጣል። ያለ ሊሚተር ልክ የነበረ ሪቨርብ ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

8. ለእያንዳንዱ ድርሻውን ይስጡ

- መሪ ድምፃዊ፦ ከላይ የተባለው ሁሉ ለእሱ ነው።
- ተቀባዮችና መዘምራን፦ መዘግየቱ ዜሮ ወይም 10 ሚሊ ሰከንድ የሆነ ሁለተኛ ፕሌት ይክፈቱላቸው፤ ከመሪው በ4 ወይም 6 ዴሲቤል አብልጠው ይላኩ። ያኔ ከመሪው ኋላ ይቆማሉ። በአንድ ማይክ አራት ሰው ብቻ ቀድተው ብዙ ሰው ለማስመሰልም ይረዳል።
- ክራር፦ ጥቂት ይበቃዋል፤ ጭራው ከ1.2 ሰከንድ አይለፍ።
- ማሲንቆ፦ የፈረስ ጭራው ፍትጊያ በፕሌት ውስጥ ይሻክራል። ከላይ በኩል 6 ኪሎ ሄርዝ ላይ ይቁረጡ።
- ዋሽንት፦ ፕሌትን ከሁሉ የሚወደው እሱ ነው፤ በዝግተኛ ዜማ እስከ 2.5 ሰከንድ ይችላል።
- ከበሮና ጭብጨባ፦ ከ1 ሰከንድ በታች፣ በትንሹ፣ ከ400 ሄርዝ በታች ተቆርጦ።
- ባስ፦ ምንም አይላክ።

የሽማግሌዎችን ዜማ ወይም የዳራሮን ዘፈን ሜዳ ላይ ቀድተው ከሆነ ያልተነካውን ፋይል በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ነገ አጥኚ ወይም የልጅ ልጅ የሚፈልገው ሪቨርብ ያልገባበትን ነው። ለሕዝብ በሚያወጡት ቅጂ ላይ ግን በ1.2 ሰከንድ ፕሌት ድምፆቹን በስሱ ማያያዝ ይችላሉ።

9. ሪቨርቡን ከዘፋኙ ጋር ያንቀሳቅሱ

ከመግቢያ እስከ መጨረሻ በአንድ መጠን የተቀመጠ ሪቨርብ ያሰለቻል። ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ከፕሌቱ በኋላ ኮምፕሬሰር አስገብቶ በዘፋኙ ደረቅ ድምፅ እንዲታዘዝ ማድረግ ነው። ዘፋኙ ሲዘፍን ሪቨርቡ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ይጎነበሳል፣ ሲያርፍ ቀና ይላል። ቃሉም ይጠራል፣ ክፍተቱም ይሞላል።

ሁለተኛው በእጅ መጻፍ ነው። በስንኝ መጨረሻ ላይ ያለውን የመጨረሻ ቃል ብቻ መርጠው መላኪያውን ከፍ ያድርጉ፣ የሚቀጥለው ስንኝ ሳይገባ ይመልሱት። አዝማቹ ላይ ከስንኙ በ1 ወይም 2 ዴሲቤል ከፍ ቢል ዘፈኑ የሚሰፋ ይመስላል።

ሲጨርሱ ትራኩን ፍሪዝ ወይም ሬንደር ያድርጉ፣ ፋይሉንም ያስቀምጡ። መብራት ሲሄድ የላፕቶፑ ባትሪ ለከባድ ፕለጊን እንደማይታገስ ያውቁታል።

10. አድማጩ በሚሰማበት ይስሙት

ዘፈንዎ የሚሰማው በስቱዲዮ ስፒከር አይደለም። በአንድ የስልክ ስፒከር፣ በባጃጅ ውስጥ፣ ከዲላ ይርጋ ጨፌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው።

- ማስተሩን ወደ ሞኖ ይቀይሩ። የስቴሪዮ ፕሌት ግራና ቀኝ ሲደመሩ ከፊሉ ስለሚጠፋ ሪቨርቡ ይቀንሳል። ጨርሶ ከጠፋ የፕሌቱን ስፋት ያጥብቡ።
- በስልክ ስፒከር፣ በዝቅተኛ ድምፅ ያዳምጡ። ቃሉ ካልተሰማ ሪቨርቡ በዝቷል።
- በኢርፎን ያዳምጡ። እዚህ የፕሌቱ ፉጨትና የተቆረጡ ጫፎች ይጋለጣሉ።
- በሚኒባስ ያዳምጡ። ባሱ ከጨቀየ ወደ ደረጃ 3 ተመልሰው የታችኛውን መቁረጫ ከፍ ያድርጉ።

ችግር ሲገጥም

- ዘፋኙ ሩቅ ሆነ፦ መዘግየቱ አጥሯል ወይም መላኪያው በዝቷል።
- እንደ ብረት ይጮኻል፦ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሄርዝ ያለውን በፕሌቱ ትራክ ላይ 3 ዴሲቤል ይቀንሱ፤ በፕለጊኑ ሞዱሌሽን የሚባል ቁልፍ ካለም ጥቂት ይክፈቱት።
- ክፍሉ አሁንም ይሰማል፦ ፕሌት የክፍልን ድምፅ አይደብቅም፤ ያስረዝመዋል። ወደ ደረጃ 1 ተመልሰው እንደገና ይቅዱ።
- ሚክሱ በሙሉ ጭጋግ ነው፦ መላኪያዎቹን ሁሉ ዘግተው አንድ በአንድ ይክፈቱ፤ አጥፊው ብዙ ጊዜ ኪቦርዱ ነው።

የተስማማዎትን ቅንብር በፕሪሴት ያስቀምጡት፤ ስሙ ላይ ቋንቋውን፣ ምቱንና የድምፅ ዓይነቱን ይጻፉበት። ለሚቀጥለው ዘፈን ከዚያ ተነስተው መዘግየቱንና ርዝመቱን ብቻ በአዲሱ ምት እንደገና ያስሉ። ማጣሪያውና ዲኤሰሩ ብዙም አይለወጡም፤ ቃሉ መጥራቱን ግን በየዘፈኑ ቋንቋውን በሚያውቅ ጆሮ ይፈትሹት።